የኩባንያዎች መርዶ ነጋሪ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰው ስለ ራሱ የሚባለውን መስማት ከፈለገ ወይ ሞቶ ሳጥኑ ውስጥ ተጋድሞ ማዳመጥ ነው፣ ወይ የመሥሪያ ቤቱ መጸዳጃ ቤት ገብቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ መቀመጥ ነው። መርዶ ነጋሪውን ያን ዕለት ጠዋት ሁለተኛው ዕድል ገጠመው። ከበሩ ማዶ ሊቀመንበሩና ጠበቃው እጃቸውን ይታጠባሉ። ውሃው ይወርዳል፣ ጠበቃው ከውሃው በላይ ያወራል። «ጎበዝ አይደለም አላልኩም» ይላል፤ «ግን ሸሪክ ካደረግነው ለባለገንዘቦቹ ምን ብለን ልናስተዋውቀው ነው? የሁላችንም ስም ሥር ማስተርሳችንን የሠራንበት ትምህርት ቤት ተጽፏል። የሱ ስም ሥር ምን ይጻፍ? ‹መርዶ ይችልበታል› ይባል?» ሊቀመንበሩ ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ ሰው የለመደውን ቀልድ ሲሰማ የሚስቀው ዓይነት ነው። «እስቲ የዛሬውን እንስማው» አለ፤ «ማስፈራራት እንደሚችል አውቃለሁ። መውጫውንም ካሳየን ወንበሩ የሱ ነው። ካላሳየን ለማስተር እንሰጠዋለን፤ ልጁ እንደሆነ ወረቀቱ ሙሉ ነው።» የእጅ ማድረቂያው ጮኸ፣ በሩ ተዘጋ። መርዶ ነጋሪው ወዲያው አልወጣም። የተናደደ መስሎት ነበር፤ ልቡን ሲያዳምጠው ግን ደስ ብሎታል። ወንበሩ ገና ለማንም አልተሰጠም።

ሥራቸው ኩባንያ መግዛት ነው። ከጡረታ ፈንድና ከሀብታሞች ገንዘብ ይሰበስባሉ፣ የደከመ ወይም ባለቤቱ ያረጀበት ኩባንያ ይገዛሉ፣ ጥቂት ዓመት ይዘው ያስተካክሉታል፣ ወይም አስተካከልን ይላሉ፣ ከዚያ አትርፈው ይሸጡታል። ፕራይቬት ኢኩቲ ነው የሚባለው፤ የመርዶ ነጋሪው እህት ግን «የኩባንያ ድለላ» ትለዋለች፣ ብዙም አልተሳሳተችም። በዚህ ቤት አንድ ልማድ አለ። የትኛውም ግዢ ከመጽደቁ በፊት አንድ ሰው ኮሚቴው ፊት ይቆምና ኩባንያው ተገዝቶ፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ እንደሞተ አድርጎ አሟሟቱን ይናገራል። ምን ታመመ፣ ማን ቸል አለው፣ የትኛው ቀን ላይ ቢደረስለት ይተርፍ ነበር። ሌሎቹ ይህን ሲሠሩ ቁጥር ያነባሉ፤ ሰሚው ስልኩን ይነካካል። እሱ ወደዚህ ቤት የገባው ሒሳብ ሊመዘግብ ነበር፤ አንድ ቀን ተናጋሪው ታሞ ቀረና ስላይዱን እንዲያዞር የተጠራው እሱ ቆሞ ተናገረ። ሲጨርስ ሻዩን የጨረሰ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ስሙም ሥራውም መርዶ ነጋሪ ሆነ። ከሱ ኋላ የመጡት፣ ከሱ ሥር ሆነው ሥራ የለመዱት፣ ማስተርሳቸውን ይዘው አንድ በአንድ አለፉት፤ አሁን ተራው ቤቱ ሁሉ «ማስተር» እያለ የሚጠራው ልጅ ነው። ሲያልፉት ደግሞ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል፤ እሱ ነው የሚያበሽቀው።

ደህና የሚናገር ሰው ዕዳው ብዙ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የቀረበው አንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ነበር፤ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ አልጋ የሚሠራ፣ አሮጌ ጠንካራ ሕንፃ ያለው። የእህቱ ባል ዕድሜውን ሙሉ የሠራበት ፋብሪካ ነው። መርዶ ነጋሪው ግዢውን ለማስቀረት አስቦ፣ የሚያውቀውን ሁሉ ጨምቆ ተናገረ። ፋብሪካው እንዴት ሞተ? አዲሶቹ ባለቤቶች ሕንፃውን ከሥሩ ሸጡት፣ ከዚያ መልሰው አከራዩት፤ ፋብሪካው ዕድሜ ልኩን በነፃ ለኖረበት ጣሪያ ኪራይ ይከፍል ጀመር፤ ኪራዩ እንጨቱን በላ፣ ደሞዙን በላ፣ በመጨረሻ በሩን በላ። እንዲህ ብሎ ሲያበቃ ሊቀመንበሩ እርሳሱን አንሥቶ አንድ ነገር ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት። ያን ቀን ሕንፃውን ለብቻው መሸጥ ይቻላል ብሎ ያሰበ ሰው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አልነበረም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፋብሪካው ተገዛ፣ ሕንፃው በዓመቱ ተሸጠ፣ ኪራዩ መጣ፣ እንጨቱ፣ ደሞዙ፣ በሩ፣ ልክ በተናገረው ቅደም ተከተል። ባለገንዘቦቹ አተረፉ። እሱ ደግሞ ከዚያ ወዲህ እንቅልፉ ቀለለ፤ ዓይኑን ሲጨፍን መጋዝ ይሰማዋል፣ ሲገልጥ ዝም ይላል።

የሚኖረው እዚያው እህቱ ቤት ነው። የእህቱ ባል፣ ጋሼ፣ ከፋብሪካው ከወጣ ወዲህ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልሆነለትም፤ የጎረቤቱን ሁሉ የተሰበረ ወንበር ይሰበስብና በነፃ ይጠግናል። ሳሎኑ የሰው ወንበር ሞልቶበታል። እግር የጎደለው፣ መደገፊያው የተነቀለ፣ ወንፊት የሆነ፤ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ለመድረስ በጎን በጎን እያሉ ማለፍ ነው። የተጠገነውን ባለቤቶቹ ብዙ ጊዜ መጥተው አይወስዱትም፤ አዲስ ገዝተው ረስተውታል። ማታ መርዶ ነጋሪው ውሃ ሊጠጣ ሲነሣ እነዚያ ባዶ ወንበሮች በጨለማ ፊታቸውን ወደሱ አዙረው የተቀመጡ ይመስለዋል፤ መብራቱን ሳያበራ አያልፍም። ጋሼ ግን ምንም አያውቅም። ለሚመጣ ለሚሄደው ሁሉ «ያን ጊዜ አፉን የከፈተልን ይሄ ልጅ ብቻ ነው» ይላል። የሰው ስድብ ይቻላል፣ ይረሳል፤ ያላግባብ የሆነ ምርቃት ግን እንደ አጥንት ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ያን ዕለት ጠዋትም እህቱ ሸሚዙን ራሷ ተኩሳ ስታለብሰው፣ «የኔ ጌታ፣ ዛሬ ሸሪክ ብለው ካልጠሩህ ያን ሥራ ትተህልኝ ና፤ ቲማቲም እንነግዳለን፣ ከሰሞኑ ዋጋዋ እንደሆነ ከናንተ ኩባንያ በልጧል» ስትል፣ ጋሼ ከወንበሮቹ መሐል ቀና ብሎ፣ «ተይው፣ ይሰጡታል። ሰው እኮ ናቸው» አለ። መርዶ ነጋሪው ጫማውን አጎንብሶ አሰረ፤ ታስሮ የነበረውን ፈትቶ እንደገና አሰረ።

ከሰዓት በኋላ የሚነገረው የአንድ ዲያሊሲስ ማዕከል መርዶ ነው፤ ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመ ሰዎች በማሽን ደማቸውን የሚታጠቡበት። ባለቤቱ ሐኪም አርጅተዋል፣ ልጆቻቸው አልፈለጉትም። መርዶ ነጋሪው ከምሳ በፊት አንድ ጊዜ ልየው ብሎ አውቶቡስ ተሳፈረ። መንገዱ በድሮው ፋብሪካ በኩል ነው፤ ሌላ መንገድ ቢኖር በሌላ በሄደ። ሕንፃው አሁን ስፖርት ቤት ሆኗል። በትልልቁ መስኮት ውስጥ ሰዎች የትም በማይደርስ ማሽን ላይ ይሮጣሉ፣ ግንባራቸውን ይጠርጋሉ፣ እንደገና ይሮጣሉ። አውቶቡሱ ቀይ መብራት ይዞት ቆመ፣ ያው መጋዝ መጣ። ፀሐይ ላይ፣ በጠራራ፣ ሰው አጠገቡ ጋዜጣ እያነበበ። «ይሰማዎታል?» ሊለው አሰበና ተወው። ሰውዬው ቢሰማው ምን ሊለው ነው?

ማዕከሉ ሁለት ሰፊ ክፍል ነው። ወንበሮቹ ወደ ኋላ የሚለጠጡ፣ ቆዳቸው በመደገፊያው በኩል የተላጠ፣ እያንዳንዳቸው አጠገብ አንድ አንድ ማሽን አለ። ደሙ በቀጭን ቱቦ ይወጣል፣ ማሽኑ ውስጥ ይዞራል፣ ተመልሶ ይገባል፤ መጀመሪያ ላየው ሰው አንጀት ይበላል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ዓይን ይለምደዋል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመጡ ቁጥር አራት ሰዓት። ሴቶቹ ስለ ልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ያወራሉ፣ ወንዶቹ ይተኛሉ ወይም የተኙ ያስመስላሉ። በመስኮቱ በኩል አንድ የድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ተኝቷል፤ ባለፈው ሲመጣም ያወራው እሱ ነው። ሹፌሩ ገና ሲያየው ሳቀ። «መጣህ? እንግዲህ ጥርሳችንን እያየህ ልትገዛን ነዋ፣ እንደ በቅሎ» አለው። ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ ማሽኑ ግን ንጹሕ ነው፣ ተሸፍኗል። መርዶ ነጋሪው ሊቀመጥበት ሲል ሹፌሩ ክንዱን ያዘው። «እዚያ አትቀመጥ» አለ፤ «የባልንጀራዬ ነው።»

ባልንጀራው ሞቷል። ሹፌሩ ነገሩን ቀስ ብሎ ነገረው፣ ዓይኑን ከቱቦው ላይ ሳይነቅል። ማሽን የተበላሸበት ሰሞን ነበር። ሰው እንዳይቀር ተብሎ ሰዓቱን ተካፈሉ፤ ለእያንዳንዱ ከአራቱ እየተቀነሰ። ባልንጀራው ቀልደኛ ነበር፣ «እኔ ወፍራም ነኝ፣ እችላለሁ» ብሎ ከራሱ ለአንዲት እናት ጨመረላት። «ታውቃለህ?» አለ ሹፌሩ፤ «መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ውሃ ቀላሉ ነው። የመጨረሻዋ ሩብ ሰዓት ናት ሌሊቱን የምታሳድርህ። እሷ ከሌለች ቤትህ ትገባለህ፣ እራትህን ትበላለህ፣ ትተኛለህ፣ ከዚያ ውሃው ሳንባህ ውስጥ ይነሣል። ሰው በደረቅ አልጋ ላይ ሰጥሞ ይሞታል ቢሉህ ታምናለህ? ሚስቱ አጠገቡ ተኝታ ነበር፤ የሚያንኮራፋ መስሏት በክርኗ ጎሸም አድርጋው ዞረች።» ሲስተሯ መጥታ ማሽኑን ነካ ነካ አደረገች። ስትሄድ፣ «ያንን ወንበር ሰው ሲቀመጥበት ደስ አይለኝም» አለ ሹፌሩ፤ «ሲስተር ሕመምተኛ ስታመጣ ሌላ ቦታ ታስተኛልኛለች። ደግ ልጅ ናት። እናንተ ከገዛችሁን ግን ይሄ አይቀጥልም አይደል?» መርዶ ነጋሪው «እስቲ» ብቻ ብሎ ተነሣ።

ወደ ቢሮ ሲመለስ በእግሩ ሄደ። ማዕከሉን የሚገድለው ምን እንደሆነ ካወቀ ሰንብቷል፤ ዛሬ የተጨመረው ፊት ነው። አንድ ገዢ ሰዓቱን ከአራት ወደ ሦስት ዝቅ ቢያደርግ በቀን አንድ ዙር ሕመምተኛ ይጨምራል። አዲስ ማሽን የለ፣ አዲስ ክፍል የለ፤ ከሰው ገላ ላይ አንድ ሰዓት መቁረጥ ብቻ ነው። ይህን በኮሚቴው ፊት ቢናገር መርዶው የዕድሜ ልኩ ምርጥ መርዶ ይሆናል። ግን ደግሞ ያ እርሳስ አለ። ዝም አይነቅዝም፣ ለምን አልተወውም አለ ለራሱ። ቢተወው ግን መርዶው ባዶ ነው፣ ወንበሩም ለማስተር ነው። የትራፊክ መብራቱ ተለውጦ ሰው ሲያልፈው እሱ መንገዱ ዳር ቆሞ ነበር። በኋላ አንድ ሐሳብ መጣለትና ልቡን አሞቀው፦ ማንም ከሰማው በኋላ እጁን ሊሰነዝርበት እስከማይችል ድረስ አድርጎ ቢነግራቸውስ? በፋብሪካው ጊዜ የተሳሳተው የተናገረው ስለ ሕንፃ ስለነበረ ነው። ሕንፃ አይጮኽም። አሁን ስለ ሰው ይናገራል። ይህን ሲያስብ እርምጃው ፈጠነ፣ የተራበ መሆኑም ትዝ አለው፤ ግን አልበላም።

የስብሰባው ክፍል ውስጥ ሊቀመንበሩ፣ ጠበቃው፣ ከጡረታ ፈንዱ የተወከሉት ሽማግሌ ሴትዮና ማስተር ተቀምጠዋል። ማስተር ጥሩ ልጅ ነው፤ ወንበር ስቦለት «በርታ ወንድሜ» አለው፣ ከልቡ ነው ያለው። መርዶ ነጋሪው ስላይዱን አላበራም። «ሰውዬው ሹፌር ነበር» ብሎ ጀመረ። የሟቹንና የሹፌሩን ታሪክ አንድ አደረገው፤ መስኮቱን፣ የተላጠውን ቆዳ፣ ቀልዱን ሰጠው። ከዚያ አዲሶቹን ባለቤቶች አመጣቸው፣ ክፉዎች አላደረጋቸውም። ሰዓቱን ሦስት አደረጉት። የመጀመሪያው ወር ትርፉ አማረ፣ የደስታ ኢሜይል ተጻጻፉ። ሹፌሩ ቤቱ ገባ፣ እራቱን በላ፣ ተኛ። በደረቅ አልጋ ላይ ሰጠመ። ሚስቱ በክርኗ ጎሸም አድርጋው ዞረች። ጠዋት ስትነካው የቀዘቀዘው ሰውዬው ብቻ አልነበረም፤ ማዕከሉም ያን ሌሊት ነው የሞተው፣ ግን ወሬው እስኪዳረስና ሕመምተኛው ሁሉ እስኪሸሽ ጥቂት ወራት በቁሙ ሲሄድ ነበር። ሲናገር የራሱ ድምፅ ይቀፈው ጀመር፣ ምክንያቱም እያማረ ነበር። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ጠበቃው ብዕሩን አስቀመጠ። ጨረሰና ተቀመጠ። አዳንኩት ብሎ አሰበ። በሕይወቱ እንደዚያች ቅጽበት ንጹሕ ሆኖ አያውቅም።

ሊቀመንበሩ ለጥቂት ጊዜ ጠረጴዛውን አየ። እሱም ተነክቷል፤ ያስታውቃል። ከዚያ በቀስታ፣ ሕመምተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ዓይነት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሺ» አለ። «ሦስት ሰዓት ይገድላል። ገባን፣ ማንም አይነካውም። ሦስት ሰዓት ተኩልስ?»

ሁሉም ወደሱ ዞሩ። ሴትዮዋም መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ዞሩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ያንን ማዕከል በዓይኑ ያየ እሱ ብቻ ነው፤ መልሱ የሚጠበቀው ከሱ ነው፣ ወንበሩም ያለው መልሱ ውስጥ ነው። ማስተር ኮምፒውተሩን እያየ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ሊመልስ ነው። «በሰንጠረዡ መሠረት» ብሎ ሊጀምር ነው፤ ይቻላል ሊል ነው። እኔ እንቢ ካልኩ ልጁ እሺ ይላል፣ ሹፌሩ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያጣል ብሎ አሰበ መርዶ ነጋሪው። ይህን ሲያስብ እውነት መስሎት ነበር፤ ምናልባት እውነትም ነው። የገበያ ሰው ዕቃው ከእጁ ሊወጣበት ሲል እንደሚጮኸው አፉ ቀደመው። «ሦስት ሰዓት ተኩል አይሆንም!» አለ። «ሦስት ከአርባ አምስት። ከሩብ ሰዓት በላይ መንካት አይቻልም።»

ማስተር ጣቱን አሯሯጠ። «ሦስት ከአርባ አምስት ከሆነ...» አለ፣ «በዙሮቹ መሐል ያለውን የወንበርና የማሽን ጽዳት ትንሽ ብናፋጥነው ዙሯ ትገባለች። ለጥቂት ነው፣ ግን ትገባለች።» ሊቀመንበሩ መርዶ ነጋሪውን አየው። መርዶ ነጋሪው ራሱን ነቀነቀ። ነቀነቀ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ አንገቱ ወደፊት ሄደች፣ ተመለሰች። ጠበቃው ሳቀ፣ ሴትዮዋ «እንዲህማ ከሆነ ሰውም አይጎዳም፣ ገንዘቡም አይጎዳም» አሉና ፈረሙ። ሊቀመንበሩ ተነሥቶ፣ ጠረጴዛውን ዞሮ መጥቶ፣ እጁን ዘረጋለት። «ይሄን የትኛውም ትምህርት ቤት አያስተምርም» አለ፣ ወደ ጠበቃው ዞር ብሎ። «ስሙ ሥር ምን ይጻፍ ስትለኝ አልነበር? ምንም አይጻፍ። ሸሪክ ብቻ ብለህ ጻፍ።» ይህን ቃል ስንት ዓመት ጠብቆታል! ማስተር እንኳ አቀፈው፤ ሽቶው ልብሱ ላይ ቀረ። የመጀመሪያ ሥራውም ያው ማዕከል ሆነ፤ የሰዓቱን ለውጥ ለሠራተኞቹና ለሕመምተኞቹ እሱ ራሱ እንዲያስረዳ ተወሰነ። ከሱ የተሻለ የሚናገር የለማ።

ቤት ሲደርስ ገና አልመሸም ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ልጆች ኳስ ያንከባልላሉ፣ ሱቁ ደጃፍ ሰው ስለ ዘይት ዋጋ ይሟገታል። ነገሩን በስልክ ስለነገራት እህቱ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው ገፍታ መንገድ አበጅታለት፣ ጠረጴዛው ላይ አዲስ ጨርቅ አንጥፋለት ጠበቀችው። አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። «ያለ ማስተርስ! ያለ ማንም!» ትላለች፣ እንደገና ታቅፈዋለች። ጋሼ የክት ኮቱን ለብሷል፣ ጢሙን ተላጭቷል፣ ከተላጨ በኋላ የቀረች አረፋ ጆሮው ሥር ደርቃለች። እጁን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ጨበጠው። ሾርባው ወጣ፣ ዳቦው ተቆረሰ። መርዶ ነጋሪው እንደማይወርድለት እያወቀ ጎረሰ።

«እስቲ ምን ብለህ ነው የሰጡህ?» አለች እህቱ። «እንደዚያው አድርገህ ንገረን። ሰው ሁሉ ሲሰማህ እኛ አንድ ቀን ሰምተንህ አናውቅም።» እንቢ አለ፣ ደክሞኛል አለ፣ አልተወችውም። ስለዚህ ነገራቸው። ሹፌሩን፣ መስኮቱን፣ አልጋውን። ሲጀምር ለማሳጠር አስቦ ነበር፤ ግን ነገሩ አፉ ውስጥ መንገዱን ያውቀዋል። የሚስትየዋ ክርን ላይ ሲደርስ እህቱ በአንድ እጇ አፏን ያዘች። ጋሼ ማንኪያውን አስቀምጦ ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል። «ከዚያስ?» አለ ጋሼ፤ «ሰዓቱን ሊቀንሱ ነበራ! ከዚያስ፣ ተዉት?»

«ተዉት» አለ መርዶ ነጋሪው።

ጋሼ ወደ ኋላ ተደገፈና ዓይኑን ጨፈነ። ፈገግ ብሎ ነበር። «እግዜር ይስጥህ» አለ። «እኔ እነዚያን ሰዎች አላውቃቸውም፤ ግን እግዜር ይስጥህ። እነሱ እንኳ የተከራከረላቸው ሰው እንዳለ አያውቁም። እኛስ አውቀናል።» ከዚያ ለብዙ ጊዜ ሊጠይቀው ፈልጎ የፈራውን ነገር ዛሬ ቀኑ ነው ብሎ እንዳሰበ ሰው፣ እፍር እያለ፣ «የኛንስ?» አለ። «የኛን እንዴት አድርገህ ነበር የነገርካቸው? አንድ ቀን ልስማው ስል እኖራለሁ።»

«ጋሼ፣ የቆየ ነገር ነው፤ ምን ያደርግልሃል?»

«ግዴለም። ስለኛ ምን እንደተባለ ልስማ።»

እህቱም ወንበሯን አስጠጋች። መርዶ ነጋሪው ስለ እንጨቱ ሽታ ነገራቸው፣ ስለ ጠዋቱ ደወል፣ እንጨት በመዳፋቸው ዳብሰው ዕድሜውን ስለሚናገሩ ሠራተኞች። ጋሼ ራሱን እየነቀነቀ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» ይላል፣ ዕንባው ኮቱ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ስለ ገበያው ነገራቸው፣ ከውጭ ስለሚገባው ርካሽ ወንበር፣ ያኔ አንድም ስላልተናገረው ነገር ሁሉ። ዙሪያውን ሲዞር ቆየና ሞተ ብሎ ጨረሰ። ጋሼ ግን አልነቀነቀም። ግንባሩን ቋጥሮ፣ ለሱ አዝኖለት እንደሚያርመው ሁሉ፣ «ኪራዩስ?» አለ። «የገደለን እኮ ኪራዩ ነው። ሕንፃውን ሸጠው ሲያከራዩን ነው የሞትነው። እሱን አልነገርካቸውም ነበር?»

አልነገርኳቸውም ቢል፣ ለእነዚህ ሰዎች በዚያች ቀን የሚጠቅመውን አንድ ነገር ሳይናገር ቀርቷል። ነገርኳቸው ቢል ደግሞ... አንድ ውሸት በዚህ ጠረጴዛ ላይ ተናግሯል፤ ሁለተኛው አልወጣ አለው።

«ነግሬያቸዋለሁ ጋሼ።»

«መቼ?»

«ከመግዛታቸው በፊት።»

ጋሼ ማንኪያውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ። በእጁ መዳፍ የጠረጴዛውን ጨርቅ አስተካከለ፤ ያልተጨማደደውን ደጋግሞ አስተካከለ። «ያን ጊዜ» አለ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገ፣ «ሕንፃውን እንሽጥ የሚል ሰው ነበር እዚያ?»

«አልነበረም።»

ጋሼ ለረጅም ጊዜ አየው። የቁጣ ዓይን አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን በተሻለ። የሚያውቀውን ሰው ከሩቅ አይቶ ማንነቱ እንደጠፋበት ሰው ነበር የሚያየው።

«እንዲያ ከሆነ በደንብ ነግረሃቸዋል» አለ።

እህቱ አንዴ ባሏን አንዴ ወንድሟን እያየች፣ «ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ? በደስታ ቀን ምን አመጣችሁ?» አለች። ሾርባው እየቀዘቀዘ ነበርና ላሙቀው ብላ ተነሣች።